ለዋኖስ የተነፋው ጥሩምባ

ተረት ተረት! የወፍ ቤት!

በአንድ ዋርካ ላይ የሚኖሩ ወፎች እድር ነበራቸው። ወፍ ሲሞት ቁራ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁሉም አንድ አንድ ጭራሮ ይዞ ይመጣና በሟች ጎጆ ዘንድ ሦስት ቀን ይቀመጣል።

ዋርካው እየሰፋ፣ ወፉም እየበዛ ሄደ። አንድ ቀን ንስር ከላይ ወርዶ ክንፏ የደከመውን አሮጊት ዋኖስ፣ "እማማ፣ እዚህ ሰፊ ጎጆ ልሠራ ነው። እስከ ነገ ይልቀቁልኝ" አላት። እሷም "እሺ ልጄ" ብላ ሣሯን መሰብሰብ ጀመረች።

ቁራ ይህን ሰምቶ ጥሩምባውን ነፋ። ወፎቹ ጭራሯቸውን ይዘው መጡ።

"ማን ሞተ?" አለች ድንቢጥ።

"ማንም። እማማ ዋኖስ ከቤታቸው ሊነሱ ነው" አለ ቁራ።

ድንቢጥ ጭራሮዋን ጎጆው ላይ ሰክታ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ።

በማግስቱ ንስር ሲመጣ ቅርንጫፉ ሞልቷል። "ማን ሞቶባችሁ ነው?" አለ ደንግጦ።

"ከሄዱ በኋላ ከምናለቅስ፣ ሳይሄዱ እንቀመጥላቸው ብለን ነው" አለች ድንቢጥ።

"እስከ መቼ?"

"ሦስት ቀን ለሞተ ነው። በሕይወት ላለ ልክ የለውም።"

ለቅሶ ደርሶ ሳይቀመጡ መሄድ ነውር ነውና ንስር ዳር ላይ ተቀመጠ። ዙሪያውን የተቀመጡትን ወፎች አየና፣ "ለእኔስ እንዲህ የሚቀመጥልኝ አለ?" አለ።

"እድር ግባ እንጂ ልጄ" አለችው ዋኖስ፤ "መግቢያው አንድ ጭራሮ ነው።"

ንስር በርሮ ሄደ። ሲመለስ ጭራሮውን እግሯ ሥር አስቀመጠና፣ "እማማ፣ ጎጆዎ የቱ ጋ ነው የሚያፈስብዎት?" አላት።

ተረቴን መልሱ፣ ለጎረቤት አድርሱ።