የኢንጂነር ዳምጠው የለውጥ ንግግር

ወንዝ ዳር ጎመን እያበቀለች ልጆቿን ያሳደገች አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። አንድ እሑድ የሰፈሩ ሰው ለስብሰባ ተጠራና እሷም ሄደች። የከተማው ፕላን ኃላፊ ኢንጂነር ዳምጠው ትልቅ ካርታ ሰቅለው፣ «ስለ ማኅበራዊ፣ ስለ ኢኮኖሚና ስለ አካባቢ ለውጥ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብለው ጀመሩ። እሳቸውን እንቅልፍ የነሳው ሐሳብ ሕዝቡን ግን ያስተኛው ጀመር። በመጨረሻ፣ የወንዙ ዳር ዛፎች ተቆርጠው የአረንጓዴ ልማት ቢሮ እንደሚሠራ፣ ሰፈሩም ፈርሶ «የማኅበራዊ ትስስር አደባባይ» እንደሚሆን አበሰሩ። ያንቀላፉትም ሳይቀሩ ነቅተው አጨበጨቡ።

ሴትዮዋ የጎመን መደቧንና ቤቷን አስባ እጇን አወጣች። «ለመሆኑ እኛስ የት እንገባለን?» ስትል ጠየቀች።

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። ፀረ ልማት አስብለው አፏን ሊያስይዟት ፈለጉና፣

«እዚህ መካከል ለውጥ የሚጠላ ሰው ካለ፣ እስቲ ይነሳና እንየው!» አሉ።

ጎረቤቶቿ አንገታቸውን ደፉ። ሴትዮዋ ግን ከወንበሯ ሳትነቃነቅ እንዲህ አለች፦

«ጌታዬ፣ እንድንነሳማ እርስዎ ወስነውልናል። እኔ የጠየቅሁት የት እንደምንቀመጥ ነው።»