አንድ ምሕረት፣ ሦስት አንገት

የምርመራ ታሪክ ትወዳላችሁ? እኔ ስወድ ልክ የለኝም። በተለይ ቤተ መንግሥት ተወልዳ የሰው ምስጢር ካልፈታሁ እንቅልፍ አይወስደኝም የምትል ልዕልት ካለችበት፣ ጨርሼው ነው የምነሣው። እንዲህ ያለው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ይያዛል፣ የቀሩት ተሰብስበው ራት ይበላሉ፣ አንባቢውም ደስ ብሎት ይተኛል። ይኼኛው እንደዚያ አያልቅም። ቢሆንም ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ። አታዝኑበትም አልልም፤ ጊዜያችሁ ግን አይቆጫችሁም።

በአንድ ወቅት አስካለ ጽጌ የምትባል የንጉሥ ልጅ ነበረች። በግቢው ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ከዘበኛ በፊት የምትጠራው እሷ ነች። የእናቷን ጉትቻ ከቁራ ጎጆ አውጥታለች። የደብሩን ጸናጽል የደበቀውን ሰው በጣቶቹ ላይ በቀረው ሰም ለይታዋለች። ሰው ያጨበጭብላት ነበር፤ እሷም ጭብጨባውን ትወደው ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ ይህን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። በዚያ አገር ንጉሥ ሲጠጣ የሰው ዓይን እንዳያገኘው ሸማ ይዘረጋበታል። ሸማ ያዡ ጨርቁን ከፍ አድርጎ ይይዛል፣ ፊቱን ግን ወደ ውጭ ያዞራል። አዳራሹ ሙሉ ሰው አንገቱን ይደፋል። አሳላፊው ደግሞ ከመቅዳቱ በፊት ጠጁን በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ ካለበት ቀድሞ እሱ ይሙት ነው ነገሩ። እንግዲህ አስቡት። ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቤት ንጉሡ ሲጠጡ ብቻቸውን ናቸው።

አንድ ቀን በግብር ላይ አሳላፊው ቀመሰ፣ ሸማው ተዘረጋ፣ ንጉሡ ጠጡ። ሳላቸው ቢሰማም ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። ዝምታው ሲበዛ የንስሐ አባታቸው ቀርበው ሸማውን ቢገልጡት፣ ንጉሡ ከዙፋኑ ሥር ወድቀው ሞተዋል።

«እግዜር ጠራቸው» ተባለ፤ ሁሉም አመነ። የቀመሰው አሳላፊ በደህና ቆሟል፣ ታዲያ መርዝ ከየት ይመጣል?

የአባቷን ዓይን የከደነችው አስካለ ጽጌ ነበረች። ስትከድን ብሌናቸው ሰፍቶ፣ ሰፍቶ የዓይናቸውን ቀለም እንደዋጠው አየች። በቀጥታ ወደ ወንድሟ፣ ወደ አዲሱ ንጉሥ ሄደች።

«ጃንሆይ፣ አባታችንን የገደላቸው ሰው ነው።»

«እቴ፣ ደግሞ ጀመረሽ? ይኼ እኮ ጉትቻ አይደለም።»

«ላጣራ ብቻ።»

መኳንንቱ ሳቁ። ወንድሟም እየሳቀ፣ «አጣሪ! እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ በአባቴ አጥንት፣ ከሚሰቀሉት የአንዱን ነፍስ ላንቺ ሰጥቻለሁ» አለ። ልብ በሉ፤ እንዲህ የተማለ ቃል አይታጠፍም። አይጨመርበትምም።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ዶሮዎቹ ነው። አትሳቁ። የንጉሡ ጠጅ በትንሽ ገንቦ ለብቻው ይጣላል፤ አንቡላው፣ ማለት ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ፣ ለዶሮ ይደፋል። ዶሮ አንቡላ በልታ ብትሰክር የተለመደ ነው። እነዚህ ግን ዓይናቸውን አፍጥጠው ከግድግዳ ጋር ሲላተሙ ውለው ሞተዋል። ጠጅ ጣይዋ የውብዳር ስትጠየቅ አልካደችም። ልጇ ጌጡ የአለቃህን በቅሎ ሸጠሃል ተብሎ ታስሮ ነበር፤ ፍርዱም በዚያው ቀን ከግብሩ በኋላ ሊሰጥ ነበር።

«አስተናግር ነው የጨመርኩበት፣ እሜቴ። ቅጠሉ ሰው እንደሚያስቀባጥር አውቃለሁ። ሲቀባጥሩ ፍርዱ ለሌላ ቀን ይተላለፋል ብዬ እንጂ ለክፉ አይደለም። እጄ በዛ።» ቀጥላም፣ «ለመሆኑ ምን ሊፈርዱበት ነበር? እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም» አለች።

አስካለ ጽጌ ታውቃለች። አባቷ የዚያን ዕለት ጧት፣ «በቅሎዋ ተገኝታለች፤ ያንን ልጅ ዛሬ እፈታዋለሁ» ብለዋት ነበር። ሁሉን ነገር ማስረዳት የምትወደው ልዕልት ይህን አላስረዳችም።

ቀጥላ ዝንቦቹን ተከተለች። አሳላፊው ጓንጉል ከሐዘንተኞች መሀል ሲቀመጥ፣ ዝንቦች የሌላውን ሁሉ ትተው የእሱ ቀኝ እጅጌ ላይ ይሰፍሩ ነበር።

«ጓንጉል፣ ይኼ እጅጌህ መጠጣት የጀመረው መቼ ነው?»

ሳቅ ሊል ሞከረና ተወው። «ጨጓራዬ ቆስሎ ነው፣ እሜቴ። ጠጅ ከነካሁ ደም ያስተፋኛል። ታምሜያለሁ ብል ደግሞ ነገውኑ ከሥራዬ እባረራለሁ። ልጆቼን ማን ያበላልኛል? ወደ እጅጌዬ ስንቱን ጠጅ አፈሰስኩት፤ አንድ ቀን እንኳ ችግር አልተፈጠረም።»

«አባቴ ያመኑት መዳፍህን ነበር።»

ጓንጉል እጅጌውን በሌላው እጁ ሸፈነ።

በመጨረሻ ሸማውን ዘርግታ አየችው። በውስጥ በኩል የጠጅ ፍንጣቂ አለ፤ ከላይ ይጀምርና ዝቅ፣ ዝቅ እያለ እስከ ጥለቱ ይወርዳል። ይህ ማለት ንጉሡ በአንዴ አልሞቱም። እየሳሉ፣ እየታነቁ፣ በጉልበታቸው ሲወድቁ ሸማው እንደተዘረጋ ነበር። ሸማ ያዡ ደምሰው የተባለ ሽማግሌ ወታደር ነው።

«ሰምተሃቸዋል፣ ደምሰው።»

«ሰምቻለሁ። ጥለቱን ይዘው ጎተቱት። እኔም አጠንክሬ ያዝኩት።»

«ለምን?»

«ሳይታዘዝ ሸማ ያወረደ እጁ ይቆረጥ ያሉት አባትዎ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሲያስላቸው ደንግጦ አወረደው። ዛሬ በአንድ እጁ ነው የሚያርሰው። እኔስ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

አያችሁ፣ አስካለ ጽጌ ምስጢሩን ፈታችው። ለወንድሟ አንድ በአንድ ስታስረዳ መኳንንቱ አጨበጨቡ። ወንድሟ ግን አሁን አልሳቀም።

«ሦስቱም ይሰቀሉ። አባቴ የሞቱት በእሱ ሰበብ ነውና ጌጡም አብሯቸው ይሰቀል።»

«አባታችን እኮ ሊፈቱት ነበር! ለእኔ ነግረውኝ ነበር።»

«ለአንቺ ነግረውሽ ይሆናል። በአደባባይ ግን አልተናገሩትም። በይ፣ አንዱ ያንቺ ነው፤ በገበያው ዕለት ስሙን ትጠሪያለሽ።»

የገበያው ዕለት አራቱም ከመስቀያው ዋርካ ሥር ቀረቡ።

ጓንጉል፣ «እሜቴ፣ እኔ ማንንም ልገድል አላሰብኩም። መታመሜን ደበቅሁ እንጂ የሰው ነፍስ አልደበቅሁም። ልጆቼ እዚያ ቆመዋል» አለ።

ደምሰው፣ «እኔ ትእዛዝ ነው የፈጸምኩት። ባወርደው እጄ ይሄድ ነበር፣ ባላወርደው አንገቴ ሄደ። ደግሞ ልንገርዎት፣ እርስዎ ያንን ብሌን ባያዩ ኖሮ ዛሬ ሁላችንም ገበያ ልንሸምት ነበር የምንመጣው» አለ።

የውብዳር ለራሷ አልለመነችም። «የእኔ አንገት ይሂድ፤ ያጠፋሁትን አውቃለሁ። ምሕረቱን ለጌጡ ይስጡልኝ። እሱ ከታሰረበት ሆኖ ምን አጠፋ?» አለች። ጌጡም፣ «እናቴ፣ ዝም በይ» አላት።

«እቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ ንጉሡ።

አስካለ ጽጌ አፏን ከፈተች። ያን ቀን ያጨበጨበላት አልነበረም።

እኔ እዚህ ላይ አቆማለሁ። እናንተ ግን አታቁሙ። ዛሬ ቤታችሁ ማዕድ ላይ ይህን ታሪክ አውሩትና አብረዋችሁ የሚበሉትን ሞክሯቸው፤ አንደኛው አሳላፊውን፣ አንደኛው ሸማ ያዡን፣ አንደኛው ልጁን ሲመርጥ ታያላችሁ። «ሁሉንም» የሚል ቢኖር አትቀበሉት፤ ንጉሡም የማለው ለአንድ ብቻ ነው። ከዚያ ተራው የእናንተ ነው። ገመዱ አራት ነው፣ ምሕረቱ አንድ ነው። ለማን ይገባል?