ኤሊዋ የለካችው አሸዋ

ተረት ተረት። የባሕር ዳር እናት።

አንዲት ኤሊ እንቁላሏን ከመቅበሯ በፊት አንገቷን አሸዋው ውስጥ እየከተተች ሙቀቱን ትለካ ነበር። ሸርጣን አይቶ ሳቀባት።

«እመት ኤሊ፣ እናትሽም አያትሽም እዚሁ ነው የቀበሩት። ምን አዲስ ነገር መጣና ነው የምትለኪው?»

«አያ ሸርጣን፣ አሸዋው በየዓመቱ እየጋለ ነው። አምና የቀበርኳቸው ተቀቅለው ቀሩብኝ።»

«ታዲያ የት ልትሄጂ ነው? ከዚያ ከትልቁ ድንጋይ ማዶ እንቁላል የቀበረች ኤሊ የለችም።»

«እኔ እቀብራለሁ። ከፈለግክ ሳቅ።»

ሆዷ እየተላጠ ድንጋዩን ተሻገረች። ቀዝቃዛ አሸዋ እስክታገኝ በየቁጥቋጦው ጥላ ለካች፤ እዚያም ቀበረች።

ከሁለት ወር በኋላ ትንንሽ ኤሊዎች እየተጋፉ ወደ ባሕሩ ሲወርዱ፣ ሸርጣን መሀል መንገድ ላይ ቆሞ፣ «እናንተ ደግሞ የማን ናችሁ?» አላቸው።

እናታቸው ከውሃው ብቅ አለች። «የኔ ናቸው። ዞር በልላቸው።»

ሸርጣንም በጎኑ እየሄደ መንገዱን ለቀቀ።