የእታገኝን ልጅ ክርስትና ማን ያንሳ?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ እታገኝ የምትባል ሴት በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ወንድ ልጅ ተገላገለች። ወዲያው ደሟ አልቆም አለ። የደሟ ዓይነት ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። ይህን ደም የሚለግሱ ሰዎች ስም ያለው ማዋለጃ ክፍሉ ጥግ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ስሙን የሚያወጣው ፕሮግራም ግን በዚያው ጠዋት አዲስ ቅጂ ተጭኖለት አልከፈት ብሏል።

ፕሮግራሙን ሠርተው ለፈለገ ሁሉ በነፃ የለቀቁት ገረመው፣ ይርዳውና አሰግድ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ጥፋቱም የእነሱው ነው፤ አዲሱን ቅጂ የገነቡት በአዲስ ኮምፒውተራቸው ላይ ነበር። አዋላጇ ምናሉ ለወንድማማቾቹ ደውላ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው። እታገኝ ሕፃኗን ታቅፋ ትሰማለች፤ ሳላሳድገው ልሞት ነው ብላ ፈርታለች።

ታላቁ ገረመው ስክሪኑ ላይ ያለውን አስነበበና ነገሩ ገባው። ፕሮግራሞች ሁሉ እንደ እድር ድንኳንና ድስት የሚጋሩት የሲስተም ላይብረሪ የሚባል የትእዛዝ ክምችት አለ፤ የሆስፒታሉ አሮጌ ነው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ አዲሱን ይጠይቃል። ምናሉ አዲሱን አውርዳ በአሮጌው ቦታ ልትተካው ነበር።

«ሲስተር፣ እንዳትነኪው» አላት። «ኮምፒውተሩ ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው፤ ቢበላሽ የለጋሾቹንም ዝርዝር ይዞት ይሄዳል።» እጇን ሰበሰበች።

መካከለኛው ይርዳው አልጋው ሥር ከሆስፒታሉ ኮምፒውተር ጋር እኩያ የሆነ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረው። ቆራሌው እንኳ አይገዛህም እየተባለ ስንት ዓመት ተሳቀበት! ጎትቶ አወጣው። በአሮጌ ላይብረሪ የተገነባ በአዲሱም ይሠራል፣ በአዲስ የተገነባው ነው አሮጌው ላይ እምቢ የሚለው ብሎ እዚያው ላይ ይገነባ ጀመር። ሊያልቅ ሲል ቀጥ አለ፤ ለካ ፕሮግራሙ ውስጥ አዲሱ ላይብረሪ ብቻ የሚያውቃት አንዲት ትእዛዝ አለች።

እሷን ያስገባት ትንሹ አሰግድ ነው፤ አዲስ ነገር ሲያይ አያስችለውም። አሁን ግን ላብ በላብ ሆኖ የትእዛዟን ሥራ በአሥራ ሁለት መስመር በራሱ እጅ ጻፈው። ግንባታው አለቀ፤ ላኩት፤ ተከፈተ! አንዲት ዳቦ ሻጭና አንድ ሹፌር ስማቸው ወጣ፤ ሁለቱም እየሮጡ መጥተው ክንዳቸውን ሰጡ። እታገኝ ዳነች። ያን ዕለት ሆስፒታሉ በእልልታ ተናወጠ።

በአርባ ቀኑ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን መጡ፤ እያንዳንዱም ክርስትናውን የማነሳው እኔ ነኝ ባይ ነው።

«እኔ ባልከለክል ዝርዝሩ ጠፍቶ ነበር» አለ ገረመው።

«የእኔ አሮጌ ባይኖር የት ትገነቡት ነበር?» አለ ይርዳው።

አሰግድ አንገቱን ደፋ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ባላቃናው ግን የሁለታችሁም ልፋት ከንቱ ነበር።»

አንዱ ጎረቤት ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። አንበሳስ ያስር፤ ክርስትና ግን ለሦስት አይነሳም።

ቄሱ የክርስትና አባቱ ይቅረብ አሉ። እታገኝ የሦስቱንም ጉልበት በቆሙበት ሳመች፤ ከዚያ ልጇን አቅፋ በደስታ እያነባች መሐላቸው ቆመች።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ልጁን ለማን ትስጠው?