ዋርካው ላይ በጻፈችው ነገር የተባረረችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ የዝሆን አፍንጫ ገና እንደ ሰው አፍንጫ አጭር በነበረበት ዘመን፣ በአንበሳ ግቢ ውሃ እየቀዳች የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። ጠዋት ወንዝ ትወርዳለች፣ ስልቻዎቿን ትሞላለች፣ ዳገቱን ትወጣለች፣ ገንዳው ውስጥ ትገለብጣለች፣ ተመልሳ ትወርዳለች። ዳገት ስላችሁ ደግሞ እንደ እናንተ ሰፈር ዳገት እንዳይመስላችሁ፤ አሞራ እንኳ መሃል ላይ አርፎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ዘመዶቹን ረግሞ ነው የሚጨርሰው።

አህያዋ ይህን ሁሉ የምትችለው ሥራው ጣፍጧት አልነበረም። በአንበሳ ግቢ የሚሠራ እንስሳ አይበላም። ሕጉ ይኸው ነው። የግቢውን ሠራተኛ ጥርሱን ያሳረፈበት፣ የአንበሳ ጥርስ ያርፍበታል። ስለዚህ ውሃ እስከቀዳች ድረስ ገበያ ትውጣ፣ ጫካ ትግባ፣ ገደል ሥር ትተኛ፣ ማንም ዝንቧን እሽ አይላትም። ከሥራ የወጣች ቀን ግን አህያ መሆኗ ይቀርና እራት ትሆናለች።

የሥራው አለቃ ጅብ ነበር። አንበሳ ጅብን ለምን አለቃ እንዳደረገው ማንም አያውቅም፤ ጅብም አያውቅም። ሥራው ጥላ ሥር ተጋድሞ «ቶሎ በይ!» ማለት ነው። በመሃል አንድ ዓይኑን ገለጥ ያደርግና የአህያዋን ታፋ ያያል፤ ምራቁን ይውጣል፤ ሕጉ ትዝ ይለዋል፤ ትንሽ ያለቅሳል፤ መልሶ ይተኛል። ኑሮው እንዲህ ነበር።

ከግቢው ወዲያ፣ ገበያው መሃል፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር። የማንም አይደለም። እንስሳቱ በእረፍት ቀናቸው እዚያ እየተሰበሰቡ ያሰኛቸውን ሁሉ በጥፍራቸው፣ በሰኮናቸው፣ በጥርሳቸው ግንዱ ላይ ይጭራሉ። ጽሑፉን የወደደ ጎኑን ያሻሽበትና ጠጉሩን ትቶ ይሄዳል። ያልወደደ እግሩን ያነሳበታል። ጠጉር የበዛለት ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ይውላል። የሌላኛውን ግን ተዉት፣ ሽታው ራሱ ያወራል።

አንድ ሰንበት አህያዋ ወገቧን አሳርፋ፣ ሣሯን ግጣ፣ ዋርካው ሥር ሄደችና በሰኮናዋ እንዲህ ብላ ጫረች፦

«የኛ አለቃ ሲያንኮራፋ ነጎድጓድ መሰለኝ። ዝናብ መጣልኝ ብዬ ስልቻዬን አስቀምጬ ጠበቅሁ።»

እንስሳቱ በሳቅ ፈረሱ። ጠጉሩ ከመብዛቱ የተነሳ ግንዱ በግ መሰለ። ጅብም መጣ፣ አነበበ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ጎኑን እስኪላጥ ድረስ አሻሸበት። ይህን ጊዜ እመት ቀበሮ ጠጋ አለችው።

«አያ ጅቦ፣ ምን ያስቅሃል?»

«ይቺ አህያ ቀልደኛ ናት! ምን ዓይነት አለቃ ቢኖራት ነው?»

«አለቃዋ ማን ነው?»

ጅብ አሰበ። ሲያስብ ጆሮው ይንቀሳቀሳል፤ ግራው ተንቀሳቀሰ፣ ቀኙ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሁለቱም ቀጥ አሉ።

«እኔ ነኝ!»

«አይ የኔ ጌታ! ሰው ተሰደበ ብሎ ይናደዳል እንዴ? አንተ ደስ ሊልህ ነው የሚገባው» አለች ቀበሮ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰድባኛለች ብለህ ብታባርራትስ? ከተባረረች ሠራተኛ አይደለችም። ሠራተኛ ካልሆነች ደግሞ . . .»

የጅብ ምራቅ መሬት ደረሰ።

«ምክሬን በነጻ አልሰጥም፤ ጉበቷ የኔ ነው» አለች ቀበሮ።

«ጉበቷንማ እኔ ነኝ የምበላው! ኩላሊቷንም። ሳንባዋንም። ቆዳዋንም ለክፉ ቀን አስቀምጠዋለሁ። አንቺ . . . አንቺ ስበላ ማየት ትችያለሽ።»

ቀበሮ ፈገግ አለች። እሷ ፈገግ ስትል ደግሞ ዶሮዎች ያለ ምክንያት ቆጥ ላይ ይወጣሉ።

በማግስቱ አህያዋ የመጀመሪያውን ውሃ ገንዳው ውስጥ ስትገለብጥ ጅብ ከጥላው ተነስቶ መጣ። ተነስቶ ሲሄድ አይታው ስለማታውቅ መጀመሪያ ሌላ ጅብ መስሏት ነበር።

«ተባረሻል!» አላት።

«ምን አጥፍቼ?»

«ዋርካው ላይ ጽፈሻል!»

«እህ! በሰንበት አይደል እንዴ የጻፍኩት? ውሃ ጎደለ? ስልቻ ቀደድኩ? አርፍጄ መጣሁ?»

«አፍሽ የግቢው ነው! ሰንበትም ሰኞም የግቢው ነው!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካሁን ጀምሮ!» ጅብ ቆም ብሎ አሰበና አረመው፤ «ከትናንት ጀምሮ! ስልቻሽን አውርጂና ወደዚህ ጠጋ በይ።»

አህያዋ ጠጋ ልትል አንድ እግሯን አነሳችና ዓይኗ ጅብ ብብት ሥር ወደተወሸቀው ነገር ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ ጨዉ ለምንድን ነው?»

«ለ . . . ለመሰነባበቻ ነው።»

ያን ጊዜ አህያዋ ገባት። ስድቡ ሰበብ ነው፤ ጉዳዩ ታፋዋ ነው። ሆኖም አህያ ብትፈራም እግሯን መሬት ላይ ከተከለች የሚነቅላት የለም።

«ጌታችን እኩለ ቀን ላይ ለችሎት ይቀመጣሉ። እሳቸው ፊት ቀርቤ ሳልጠየቅ አልወጣም። እስከዚያ ሠራተኛ ነኝ» አለችና ስልቻዋን አንስታ ወደ ወንዝ ወረደች።

ጅብ ጨዉን ታቅፎ ፀሐይዋን እያየ ቁጭ አለ። አንዴ «ምን ትጠብቂያለሽ፣ አናት ላይ ውጪ እንጂ!» ብሎ ፀሐይን ሲቆጣት ተሰምቷል።

ወንዙ ዳር ቀበሮ ጠበቀቻት።

«እመት አህያ፣ ያስባረረሽን ምክር የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለቻት፣ ምንም ሳታፍር።

«አንቺ! ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። ጉበትሽን ፈልጌ ነበር፣ ከለከለኝ። አሁን ተናድጃለሁ፤ ስናደድ ደግሞ ደግ እሆናለሁ። ችሎት ላይ ዝም በይ። እሱ ይለፍልፍ። ሕጉን አስጮኸዋለሁ፣ በሕጉ አስጠልፈዋለሁ። ዋርካው ከጀርባም ግንድ አለው፤ አንቺ ከፊት በኩል ብቻ ነው የምታነቢው።»

አህያዋ አላመነቻትም። ግን እራት ለመሆን ጥቂት የቀረው ምርጫ አያበዛም።

እኩለ ቀን ላይ አንበሳ ጽሑፉን በዓይኑ ለማየት ዋርካው ሥር ድረስ መጥቶ ተቀመጠ። የግቢው ሠራተኛ ሁሉ ከበበ።

«ባጭር ባጭሩ ተናገሩ፤ ምሳዬ ሮጦ እንዳያመልጠኝ» አለ አንበሳ።

«ጌታዬ፣ ይቺ አህያ በጽሑፍ ሰድባኛለች!» አለ ጅብ። «እኔን መስደብ ግቢውን መስደብ ነው፤ ግቢውን መስደብ እርስዎን መስደብ ነው፤ እርስዎን መስደብ . . . ጌታዬ፣ በቃ ልብላት?»

ቀበሮ ሳል ነገር አሰማች። «ጌታዬ፣ አያ ጅቦ ትልቅ ሰው ነው። ያባረረበትን ሕግ ሁላችንም እንድንማርበት ጮክ ብሎ ቢናገረው?»

ጅብ ትልቅ ሰው መባሉ ደረቱን አሳበጠው። «ሕጉ ይሄ ነው! በእረፍቱም ይሁን በሥራው፣ ዋርካው ላይ በአለቃው የሚያስቅ ጽሑፍ የጻፈ ሠራተኛ፣ ሳይጠየቅ፣ ያኔውኑ ይባረራል! ይቅርታ የለም! ምሕረት የለም!»

«መልካም ሕግ ነው፤ ጸድቋል» አለ አንበሳ፣ እያዛጋ።

ቀበሮ ግንዱን ዞራ ከጀርባ ሄደች። «ጌታዬ፣ እዚህ ደግሞ የጅብ ጥፍር የጫረው አለ። ላንብበው?» አለችና ሳይፈቀድላት አነበበችው፦

«አንበሳ ሌሊት ሲያገሳ ሁላችሁም ትንቀጠቀጣላችሁ። እኔ አጠገቡ ስለማድር ከየት በኩል እንደሚያገሳ አውቃለሁ። አፍንጫዬ ምስክሬ ነው።»

ንፋሱ እንኳ ቆመ። ከዚያ ከቅርንጫፉ ላይ አንድ ዝንጀሮ ሳቁን አፍኖ አፍኖ፣ አልሆንለት ብሎ፣ እንደ ሾላ ፍሬ ዱብ አለ።

የአንበሳ ጎፈር ተነሳ። «ጅቦ! አንተ ነህ?»

«ጌታዬ! ያ . . . ያ እኮ በሰንበት ነው!» ጅብ መሬት ላይ ተዘረጋ። «በእረፍቴ ነው! ከጓደኞቼ ጋር ስጫወት ነው! ሥራዬን የነካ ነገር የለውም!»

አህያዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ጠዋት እሷ ያለችውን እኮ ነው!

«ዝም በል! ሕጉ ያንተው ነው» አለ አንበሳ። «በሕጉ መሠረት ሁለታችሁም ተባራችኋል። ውጡ!»

ቀበሮ ጆሮዋን አከከች፤ እዚህ ድረስ አላሰበችም ነበር። ጅብ ግን ቀና አለ። ፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ብርሃን ፈሰሰ።

«ሁለታችንም?» አለ። «አብረን ነው የምንወጣው? በአንድ በር?» ጨዉን ከመሬት አነሳ።

የአህያዋ ልብ ከደረቷ ወርዶ ሰኮናዋ ውስጥ ገባ። በአንድ በር ከጅብ ጋር መውጣት! ቀበሮ «ዝም በይ፣ ነገሩን ታባብሺዋለሽ!» ብላ በክርኗ ጎሸመቻት። አህያዋ ዝም አላለችም። አናፋች፤ ያውም እንዴት አናፋች! ወንዙ ውስጥ ያሉ ዓሣዎች ሳይቀሩ ቀና አሉ።

«ጌታዬ! አያ ጅቦን አያባርሩት!»

«ምን?» አለ አንበሳ።

«ምን?» አለ ጅብ፣ እራቱ ስትከራከርለት ደንግጦ።

«በእረፍቱ ቀን፣ የማንም ባልሆነ ዛፍ ላይ ነው የጻፈው። የግቢውን ምስጢር አላወጣም፤ በግቢው ስም አልተናገረም። ጌታዬ፣ ከኔ የቀጠሩት ጀርባዬን ነው። ምላሴ ከናቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ነው፤ እሱን ማንም አልተዋዋለኝም። ውሃ ካጎደልኩ ስለ ውሃው ይጠይቁኝ፤ ስለ ቀልዴ ግን ምን አገባዎት?»

«ምን አገባዎት» የሚል ቃል ለአንበሳ ተነግሮ አያውቅም፤ የተናገረው ካለም አልተመለሰም።

«ታዲያ ልሰደብ ነው የምትይኝ?» አለ አንበሳ፣ ጥርሱን እያሳየ።

«ዋርካው ይኸው፣ ጥፍርዎ ይኸው። ይመልሱላቸዋ! አይ፣ ሕጉ ይሁን ካሉም ይሁን። ግን ለሁሉም ይሁን። ዋርካው ላይ ስለ አለቃው ጽፎ የማያውቅ ሠራተኛ እስቲ ይነሳ!»

አንበሳ ዙሪያውን አየ። ምድር ቆፋሪው ከርከሮ አቀረቀረ። ጠባቂው ውሻ ጭራውን ያየ መሰለ። ዝንጀሮው ከወደቀበት ሊነሳ ሲል ተመልሶ ተኛ። የተነሳችው ኤሊ ብቻ ናት። እሷም ጨዋ ሆና አይደለም፤ ልትጽፍ ከግቢው ከተነሳች ቆይታለች፣ ዋርካው ጋ ገና መድረሷ ነበር።

አንበሳ ኤሊን አያት። ኤሊ ስልቻ ተሸክማ ያንን ዳገት ስትወጣ በሐሳቡ ታየው። ስልቻው እዚያ ሲደርስ የልጅ ልጆቹ በውሃ ጥም አልቀው ታዩት።

«ጎፈሬን!» አለ። «ከዚች ጋር ብቻዬን ልቀር ነው? ሕጉ ተሰርዟል። ዋርካው ላይ በእረፍት ቀን የተጻፈ እዚያው ዋርካው ላይ ይቅር። ሁለታችሁም ወደ ሥራችሁ!»

ሁሉም ዕልል አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር፤ ጅብ ግን ጅብ ነው።

«ጌታዬ፣ ታዲያ እሷን መብላቱስ?» አለ።

አንበሳ ቀስ ብሎ ዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይቺን ሠራተኛ ስታባርራት ምን አጠፋሽ ብለህ ጠይቀሃታል?»

«ምን ብዬ ነው የምጠይቃት?» አለ ጅብ፣ ከልቡ ተገርሞ። «ምሳን ማን ይጠይቃል?»

«እንግዲህ ይሄ የዋርካ ጉዳይ አይደለም» አለ አንበሳ። «የሰጠሁህን አለቅነት ሆድህን ለመሙላት አውለኸዋል። ይሄ ሥራህ ነው፤ በሥራህ ትጠየቃለህ። ከዛሬ ጀምሮ አለቃ አይደለህም። ስልቻ ተሸከም።»

በማግስቱ ጠዋት አህያና ጅብ ስልቻ ተጭነው ወንዝ ሊወርዱ በሩ ላይ ተገናኙ። ጅብ በትሕትና ወደ ጎን ቆመላት።

«እመት አህያ፣ ይቅደሙ እንጂ፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ።»

አህያዋ ታፋዋን ወደ አጥሩ አዞረች።

«የለም የለም፣ አያ ጅቦ፤ አንተ ቅደም» አለች። «መንገዱን እያየህ ሂድ፤ እኔን አይደለም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሠራተኛን በእረፍት ቀኑ ስለተናገረው የሚያባርር አለቃ ሲያጋጥመን የሠራተኛውን ምላስ ከመመርመራችን በፊት አለቃው ብብት ሥር ጨው መኖሩን ማየት እንዳለብን ነው።