በገብስ የማትባበል በቅሎ

አንድ ሰው ነበረ። ሚስቱ ሞተችበትና ከአንዲት በቅሎ ጋር ቀረ። ጥያቄሽን አልሸሸሁም፣ ትርንጎ። «አባ፣ ሳይርበኝ ለምን እበላለሁ? ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ መሶቡን ስከፍት ነው የምውለው፤ ጾሙንም መያዝ አቃተኝ» ብለሽኛል። መጀመሪያ ስለ በቅሎዋ ላውራሽ፤ ታገሺኝ።

በቅሎዋ የሚስትየዋ ነበረች። ሴትዮዋ በሕይወት ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣባት ነበር። ከሞተች በኋላ ሰውየው በቅሎዋን ደጁ ካለው ችካል ላይ አሰራት፤ ራሱም እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጠ። መንገድ መውጣት ፈራ። ያገኘው ሰው ሁሉ «ቻልከው ወይ?» ይለዋል።

ቅዳሜ ሲነጋ በቅሎዋ ትጮኻለች። ሰውየው «ራባት» ይልና ገብስ ያፈስላታል። በልታ ዝም ትላለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ትጮኻለች። ይጨምርላታል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው ማባበያ ገብስ ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሆዷ ተነፋ፣ እግሯ አበጠ፣ ኮቴዋ አድጎ መቆም አስቸገራት። ጩኸቷ ግን አልቀነሰም። «ምን ጎደለብሽ?» እያለ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እሷም ከሞተች በዚያ ቤት ከእሱ በቀር የሚተነፍስ አይኖርም።

አንድ ቅዳሜ በቅሎዋ ገመዷን በጠሰች። ሰውየው ጫማ እንኳ ሳያጠልቅ ተከትሏት ሮጠ፤ የገበያው መንገድ ላይ ዳገቱ ሥር ቆማ ስታለከልክ አገኛት። ጎረቤቶቹ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች» እያሉ ሳቁ። እውነታቸውን ነው። ቤት መልሶ ሊያስራት ቢል የተረፈው ገመድ ለመቋጠር አልበቃም፤ ሌላ ገመድ ደግሞ የለውም። ቁራጩን በእጁ እንደያዘ ግራ ገብቶት ቆመ። ቢለቃት ትሄዳለች። ስለዚህ አብሯት ሄደ፤ እስከ ወንዙ፣ ከወንዙም ማዶ። መንገዱን ሙሉ አለቀሰ፣ ሰውም አየው። «ቻልከው ወይ?» ሲሉት «አልቻልኩም» ብሎ አለፈ።

ሲመለሱ ገብስ አፈሰሰላት። ጥቂት በላችና ተኛች፤ አልጮኸችም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይዟት ይወጣ ጀመር። ሚስቱ አልተመለሰችም፤ ቤቱም ያው ጭር ያለ ነው። በቅሎዋ ግን ዳነች፣ እሱም ደጁ ላይ መዋሉን ተወ።

አየሽ ልጄ፣ በቅሎዋ የአንቺ ሆድ ናት። የሚርበውም ሆድ ነው፣ የሚብሰውም ሆድ ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ተምታቶብሻል። የራበው ሆድ እንጀራ ካገኘ ይበቃዋል። የባሰው ሆድ ግን መሶቡን ሁሉ ቢያወርዱለት አያርፍም፤ እሱ የሚፈልገው ይዘሽው እንድትወጪ ነው። እና ሲጮህብሽ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ውጪ፤ ላብ እስኪያጠምቅሽ ሂጂ። ማልቀስ ካማረሽም አልቅሺ። ተመልሰሽ መብላት ካሰኘሽ ብዪ፣ ያ ረሃብ ነው፤ እኔ አልቆጣሽም። ጾሙ ቀስ ብሎ ይመጣል።

ደግሞ «አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለኝም» እንዳትዪኝ። ሰውየውም አልነበረውም። ይልቅ ተነሺ፤ እኔንም ብቻዬን መቀመጥ ሰልችቶኛል፤ ለዛሬ እስከ ድልድዩ አብሬሽ እሄዳለሁ።