ጠላው እስኪደርስ

አንድ ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። ጉልበተኛ ነው፣ ሰው ይወዳል፣ ኩራቱ ግን ከቁመቱ ይበልጣል። ደምለው ደቦ ጠራ ከተባለ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣለታል፤ ጠላው እንደ ልብ ነው፣ ንፍሮው አይጎድልም፣ ሰው እየዘፈነ መጥቶ እየዘፈነ ይመለሳል። እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ባዶ ጋን ታቅፌ የሰው ጉልበት አልበላም» ማለት ይወዳል፤ ይህችን ቃሉን የጠየቀውም ያልጠየቀውም ይሰማታል።

ታዲያ አንድ ዓመት እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ብርቱ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባለ። ሬዲዮው ተናገረ። ከቆላ የመጡ ነጋዴዎችም ዛፍ ሲነቅል፣ ጣራ ሲገፍ በዓይናችን አይተናል፣ ነገ ማታ እዚህ ሳይደርስ አይቀርም አሉ። መንደሩ ብድግ አለ። ወንድም ያለው ከወንድሙ፣ አማች ያለው ከአማቹ ጋር ሆኖ ጣራውን በመጫኛ ገመድ ወጥሮ ካስማ ላይ አሰረ፤ እህሉንም በጆንያ እያደረገ ወደ ቤት አስገባ።

የደምለው ዘመድ ግን ሩቅ አገር ነው። ችግሩ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ከጓሮው የበቀለ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ወደ ቤቱ አዘንብሏል። ነፋሱ ከጣለው የሚወድቀው በቤቱና ከቤቱ አጠገብ በቆመው ጎተራ ላይ ነው። ጎተራው ውስጥ ያለው የዓመት ቀለብና ዘር ነው፤ እሱ ከዝናብ ጋር ከተበተነ ልጆቹ የሚቀምሱት አይኖራቸውም። ዛፉ አስቀድሞ መቆረጥ ነበረበት። እንዲህ ያለ ዛፍ ደግሞ አንድ ሰው አይጥለውም፤ አንዱ ሲቆርጥ ብዙ ሰው በገመድ ወደ ሌላ በኩል መጎተት አለበት።

ሚስቱ የሻረግ ይህን አይታ ሰው ጥራ አለችው። ደምለው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ጠላው ገና ትናንት መጠንሰሱን፣ እስኪደርስ ሰው መጥራት እንደማይችል ነገራት።

«እኔ የጠነሰስኩት ጠላ እስኪደርስ ነፋሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቅሃል?» አለችው።

እሱ ግን ወይ ፍንክች። የፈራውንም አልደበቃትም። ቢያድግልኝ የሚባል ጎረቤት አላቸው። ይህ ሰው ከዓመታት በፊት ሚስቱ ታማ ጠላ የሚጠምቅለት ሲያጣ፣ ማሳው በአረም ሊዋጥበት ሆኖ፣ ምንም ሳይዝ ሰው ጠራ። ሰውም ሄዶ አረመለት። ደምለውም አብሮ አርሟል፣ ይህስ አይካድም። ግን ከንፈሩ ደርቆ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሰውዬውን «ደረቅ ደቦ» ብሎ ስም አወጣለት፣ ሰዉም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ባገኘው ቁጥር «እንዴት ነህ ደረቅ ደቦ» ይለዋል። ቢያድግልኝም ፈገግ ብሎ ያልፋል። እንግዲህ ደምለው ዛሬ በባዶ ጋን ሰው ቢጠራ ያ ስም ዞሮ እሱ ላይ ሊለጠፍ ነው። ከዚህስ ብቻዬን ብሠራው ይሻለኛል አለ። ሞኝ ነው አትሉትም? እኔም ብዬዋለሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ገመድ በዛፉ አናት አስሮ ጫፉን ለየሻረግ ሰጣትና በርትተሽ ሳቢ አላት። እሱ መጥረቢያውን አንሥቶ መቁረጥ ጀመረ። ጎረቤቶቹ በየደጃቸው ሆነው ያያሉ። ሥራቸውን ጨርሰዋል፣ አንዳንዶቹም መጫኛቸውን እንደ ያዙ ናቸው። ወደ ደምለው አጥርም ቀረብ ብለው ቆሙ፤ አጥሩን አልፎ የገባ ግን የለም።

የዛፉ ግንድ ከግማሽ በላይ ሲቆረጥ የነፋሱ መጀመሪያ መጣ። ዋናው ገና ነው፣ ይሄ ቀዳሚው ነው። ዛፉ ሲጥ አለና ወደ ቤቱ አዘነበለ። የሻረግ ገመዱን አልለቅም ብላ እየተንሸራተተች፣ ተረከዟ መሬቱን እያረሰ ተጎተተች። ደምለው መጥረቢያውን ጥሎ ሮጦ ገመዱን ያዘ፤ ዛፉ ሁለቱንም ጎተታቸው። ጎተራውን አየ፣ ሚስቱን አየ። ያን ጊዜ ኩራቱ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለ፣ መንደሩ እስኪሰማ።

ቃሉን ሳይጨርስ ደረሱለት። አጥሩን በእግራቸው ጥሰው ገቡ። የመጀመሪያው ሰው ከየሻረግ ኋላ ገመዱን ሲጨብጥ ደምለው ዞር ብሎ ቢያይ ቢያድግልኝ ነው። ሌላውም ተደረበ። ዛፉ ጥቂት አንገራገረና ወደ ባዶው ማሳ ዞሮ ተገነደሰ፤ ጎተራውን ቅጠሉ እንኳ አልነካውም። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ገሚሶቹ ጣራ ላይ ወጡ፣ ገሚሶቹ እህሉን ይሸከሙ ጀመር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም አለቀ።

ደምለው ላቡን እየጠረገ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እያያችሁኝ ለምን ዝም አላችሁ ብሎ ጠየቀ። ተቆጥቶም ነበር፣ አፍሮም ነበር።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባል የለ?» አለ ቢያድግልኝ። «አንተ ሰው ስትፈልግ ደግሰህ ነው የምትጠራው። ዛሬ ካልጠራኸን አልፈለገንም ብለን ነው።»

«እኔ እኮ ደረቅ ደቦ ትሉኛላችሁ ብዬ ነው።»

ቢያድግልኝ ወደ እሱ ዞረ። «ደምለው» አለው፣ «በዚህ መንደር እኔን በዚያ ስም የሚጠራኝ አንተ ብቻ ነህ። ሌላው የሳቀው ያን ቀን ነው፤ በማግስቱ ረስቶታል።»

ደምለው መሬት ብትውጠው በወደደ ነበር። የፈራው የመንደሩን አፍ መስሎት ነበር፤ ለካ የፈራው የራሱን አፍ ኖሯል። ይቅር በለኝ ወንድሜ ብሎ ጉልበቱ ላይ ሊወድቅ ሲል ቢያድግልኝ በሁለት እጁ ይዞ አቆመው፣ ተው እንጂ፣ ነፋሱ ሳይመጣ ቤታችን እንግባ አለው።

ነፋሱም እንደተባለው መጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ አደረ። ሲነጋ የደምለው ቤት ቆሟል፣ እህሉ ደረቅ ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል። የተወሰደው ማድቤቱ ብቻ ነው፤ ጋኑም እዚያው ተሰብሮ ጥንስሱን መሬት ጠጥቶታል። የሻረግ ይህን አይታ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጎረቤቶች እንዴት አደራችሁ ሊሉ ሲመጡ ደምለው የሚያቀርበው ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነበር። ሁሉም ጠጥተው፣ መርቀውት ሄዱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ደምለው ለመጥራት ጠላውን ጠበቀ፣ ጎረቤቶቹ ለመምጣት ጥሪውን ጠበቁ፣ ነፋሱ ግን ማንንም አልጠበቀም። ኩራትም ይሉኝታም መልካቸው ያማረ ነው፤ በሁለቱ መሀል ግን ስንት ቤት ፈርሷል። በሰው ችግር የቀለደ ሰውም የራሱ ቀን ሲመጣ አፉ ይታሰርበታል። ስለዚህ የጨነቀው ሰው ባዶ እጁን ሆኖ ይጥራ፤ ውርደት የለበትም። ጎረቤቱ ሲጨነቅ ያየም ሳይጠሩት ይሂድ፤ ቢበዛ ተመለስ ይሉታል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

እናንተስ ዛሬ በማን አጥር ላይ፣ ገመድ ይዛችሁ፣ እስኪጠሯችሁ ቆማችኋል?